ያረጀ የሚመስለው አዲስ መንደር፦ አምስት ቀን በፍሎሪዳ

እህቴና የ9 ዓመት ልጇ ኦርላንዶ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁ የሄደው ለመጫወት ነው። እኔ የሄድኩት ግን አንድ መንደር ለማየት ነው። ሃራምቤ ይባላል፣ ካርታ ላይ የለም። ዲዝኒ አኒማል ኪንግደም በሚባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ የተሠራ፣ የምሥራቅ አፍሪካን የባሕር ዳር ከተማ የሚመስል የምናብ መንደር ነው። ለሥራ ሁለት ዓመት ሞምባሳ ኖሬያለሁ፣ እዚያው ኬንያ ያለችውን ላሙ ደሴትንም ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። የሃራምቤ ዲዛይነሮች ደግሞ በዋናነት ያጠኑት ላሙን ነው። ስለዚህ የማመሳክርበት ነገር አለኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ሰው የሠራው፣ ትኬት የሚቆረጥለት፣ ማታ በሩ የሚዘጋ ቦታ እንዴት ብሎ ነው እውነተኛ ቦታ መስሎ የሚሰማን? አንዳንዱ ይሳካለታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያን ሁሉ ገንዘብ ፈሶበት እንኳ አይሳካለትም። ለምን?

ቀን 1፦ ውሃና ጨለማ

ማለዳ ተነስተን ማጂክ ኪንግደም ሄድን። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ካሉት አራት ፓርኮች የመጀመሪያው ነው፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ስለ ጨዋታዎቹ ብዙ አላወራም። ስለ መግቢያው ብቻ ልንገራችሁ።

መኪና ይዘህ በሩ ድረስ አትደርስም። መኪናህን ታቆማለህ፣ ከዚያ ወይ በሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ወይ በጀልባ ነው። እኛ ጀልባውን መረጥን። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፣ ግን ሰፊ ነው። በፓርኩ መሃል ያለው የተረት ቤተ መንግሥት ከውሃው ማዶ ትንሽ ሆኖ ታየንና ልጁ መጮህ ጀመረ። ከጀልባው ወርደን በሩ ጋ ስንደርስ ግን ቤተ መንግሥቱ የለም! የባቡር ጣቢያ ከፊት ቆሞ ጋርዶታል። በጣቢያው ስር ባለች አጭር፣ ጨለም ያለች መተላለፊያ ታልፋለህ። ስትወጣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረች ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ዋና መንገድ ላይ ነህ፣ ቤተ መንግሥቱም ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል።

ልብ በሉ፣ እስካሁን አንድም ጨዋታ ላይ አልወጣንም። መኪናህን ተውክ፣ ውሃ ተሻገርክ፣ በጨለማ አለፍክ። ሦስት ጊዜ ከመጣህበት ዓለም ተለየህ። ከዚያ በኋላ ልብህ ለማመን ተዘጋጅቷል።

እግራችን ስር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐይቁ ሲቆፈር የወጣው አፈር የሠራተኞች መተላለፊያዎች ላይ ተደልድሎ ፓርኩ ከዚያ በላይ ነው የተሠራው። ጎብኚው የሚሄድበት መንገድ አንደኛ ፎቅ ነው ማለት ይቻላል። የወደፊቱን ዘመን ልብስ የለበሰ ሠራተኛ የድሮዋን ከተማ አቋርጦ ሲያልፍ አታየውም፣ በስር ነው የሚሄደው።

ማታ እህቴ «መሬቱን አይተኸዋል?» አለችኝ። አላየሁም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንሻገር የወለሉ ቀለምና ሸካራነት እንደሚቀየር ያስተዋለችው እሷ ናት። ሙዚቃውም እንደዚያው ነው፣ አንዱ እየደከመ ሌላው እየጎላ ይመጣል፣ መቼ እንደተለዋወጡ አታውቅም። በማግስቱ ሁላችንም መሬት መሬት እያየን ነበር የምንሄደው።

ቀን 2፦ ወፏ

ኤፕኮት፣ ከአራቱ ፓርኮች ሌላው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲከፈት በውስጡ ባለው ሐይቅ ዙሪያ ዘጠኝ አገሮችን የሚመስሉ ሰፈሮች ነበሩ። ሞሮኮ በ1984፣ ኖርዌይ በ1988 ተጨመሩና ዛሬ 11 ናቸው። ሁሉንም ለመዞር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቦታ አልያዘኝም። ፈረንሳይ ጋ የኤፍል ማማ አለ፣ ከእውነተኛው አሥር እጥፍ ያነሰ። ጣሊያን ጋ የቬኒስ አደባባይ አለ። ቻይና ጋ የሰማይ ቤተ መቅደስ። ሁሉም የተዋጣለት ሥራ ነው። ግን የሚያሳዩህ የምታውቀውን ነው። «አወቅኩት» ትላለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ታልፋለህ። አንድን ቦታ ማወቅና እዚያ ቦታ ላይ መሆን በጣም ይለያያሉ።

ካናዳ ጋ አንድ ትልቅ የድሮ ሆቴል የሚመስል ሕንፃ አለ። መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ። ዓይን ይሄንን ርቀት ነው ብሎ ስለሚተረጉመው ሕንፃው ካለው በላይ ረጅም ሆኖ ይታያል። የማጂክ ኪንግደሙ ቤተ መንግሥትም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ቆመን ሽቅብ እያየን ሳለ አንዲት ወፍ መጣችና ከላይኛው መስኮት ጠርዝ ላይ አረፈች። መስኮቱን ልታክል ትንሽ ነበር የቀራት። ሕንፃው ባንዴ ተኮማተረ። ወፏ በረረች፣ ሕንፃው ግን ተመልሶ አላደገልኝም።

ሁለት ቦታ ግን ያዘኝ።

አንዱ ሜክሲኮ ነው። ከውጭ ፒራሚድ ነው። ከሐምሌው የፍሎሪዳ ፀሐይ፣ ዓይን ከሚያጠፋው ብርሃን ተነስተህ ትገባለህ፣ ውስጡ ምሽት ነው። አደባባይ አለ፣ ፋኖሶች ይበራሉ፣ ከሩቅ እሳተ ገሞራ ያለበት ሰማይ ይታያል። ሰዓቱ መቼም አይቀየርም። ሁሌ ልክ ፀሐይ እንደገባች ነው። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ማንም ዝም በል አላለውም፤ ብርሃኑ ነው ዝም ያሰኘው።

ሌላው ሞሮኮ ነው። ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ከአገራቸው የእጅ ባለሙያዎችን ልከው ነው ያሠሩት። ግድግዳው ላይ ያለውን የሸክላ ንጣፍ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከሩቅ ፍጹም የተስተካከለ ነው የሚመስለው። በቅርበት ግን አንዷ ቁራጭ ጠርዟ ትንሽ ተሸርፏል፣ ከጎኗ ያለችው ሰማያዊ ደግሞ ከሌሎቹ ደመቅ ትላለች፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት እኩል አይደለም። ጣቴን ሳስኬድበት ከፍ ዝቅ ይላል። የሰው እጅ ነዋ! ማሽን ቢሆን እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም ነበር። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ብዙ ቆየሁ።

ከሐይቁ ማዶ ሆነህ ሞሮኮን ስታይ ደግሞ ከጀርባው አንድ ረጅም ሕንፃ ብቅ ይላል። ሌላ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ የሚወድቅ አሳንሰር ያለበት፣ ሆቴል የሚመስል ጨዋታ ነው። ከዚህ እንደሚታይ ስለታወቀ ቀለሙና አናቱ ከሞሮኮው ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ተሠራ። አንድ የተሳሳተ ጣሪያ ሙሉ ከተማ እንደሚያፈርስ የገባቸው ሰዎች ናቸው።

ቀን 3፦ ሃራምቤ

አኒማል ኪንግደም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሥራውን የመራው ዲዛይነር ጆ ሮድ ነው። እዚህም መግቢያው ወዲያው ምንም አያሳይህም። ጥቅጥቅ ያለ አትክልት ውስጥ የሚጠማዘዝ መንገድ ነው፣ ፏፏቴ ይሰማል፣ ወደፊት ግን አይታይም። ከዚያ በድንገት ይገለጥና 44 ሜትር የሚረዝመው ሰው ሠራሽ ዛፍ ፊት ለፊትህ ይቆማል። ግንዱ ላይ ከ300 በላይ እንስሳት ተቀርጸዋል። ውስጡ ያለው አጥንት በባሕር ላይ ነዳጅ እንደሚቆፈርባቸው መድረኮች ያለ የብረት መዋቅር ነው። ልጁ እንስሳቱን ሲቆጥር 40 ላይ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ።

እኔ አልቆምኩም። ድልድዩን ተሻግሬ ሃራምቤ ገባሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ግድግዳው ነው። የስዋሂሊ ከተሞች ቤት የሚሠራው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ሆኖ ላዩ በኖራ ይለሰናል። በዕድሜ ብዛት ኖራው ይላቀቅና ድንጋዩ ይታያል። እዚህም ኖራው ተላቅቋል። እንዲያውም የተላቀቀው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፦ እርጥበት በሚወጣበት ከታች፣ ውሃ በሚወርድበት ጥግ፣ ትከሻ በሚነካው ከፍታ ላይ። ይሄንን የሠራ ሰው ቤት እንዴት እንደሚያረጅ ቁጭ ብሎ አይቷል። በአንዱ ግድግዳ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ተለጥፏል። የላይኛው ተቀዷል፣ በቅዳጁ የስሩ ይታያል፣ የስሩም ደብዝዟል። «ኡሁሩ 1961» የሚል ጽሑፍ አለ። ኡሁሩ ነጻነት ማለት ነው። የሌለች ከተማ የነጻነት ዓመት አላት ማለት ነው! ሳር ክዳኑን የሠሩት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የዙሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን መሬቱ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሬት ማየት ለምደናል አይደል። ኮንክሪቱ አፈር ይመስላል፣ የተሰነጠቀ፣ እዚህም እዚያም በሌላ ቀለም የተጠገነ። ልጁ ጎንበስ አለና በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። «ጋሼ፣ ይሄ ቅጠል አይነሳም» አለኝ። እርጥብ ሳለ ተጭኖበት የቀረ የቅጠል ቅርጽ ነው፣ ደም ሥሮቹ ሁሉ ይታያሉ። ከጎኑ የብስክሌት ጎማ መስመር አለ። አንድ ሰው ሲሚንቶው ሳይደርቅ የነዳበት ይመስል ትንሽ ታጥፎ ይሄድና ግድግዳው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ሦስታችንም ተከተልነው። ሰውየው ማን ነው? ለምን ነው የቸኮለው? እህቴ «ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ ሰድቦታል» አለች፣ ልጁም ስድቡ ምን እንደነበር መገመት ጀመረ።

የጥያቄዬ መልስ እዚህ ያለ መሰለኝ። ኤፕኮት ውስጥ አብዛኛው ሕንፃ «እየኝ» ይልሃል። ሃራምቤ ግን ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ሥራ የሚሠራ ነው የሚመስለው። አንተ ሳትመጣ በፊት እዚህ አንድ ነገር ተደርጓል፣ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተቀዷል፣ ብስክሌት አልፏል፣ ግድግዳ ተሰንጥቆ ተጠግኗል። ከሄድክም በኋላ የሚቀጥል ይመስልሃል። እውነት የሚመስልህ ለዚህ ነው።

ሳፋሪውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ክፍት መኪና ላይ ወጣን፣ ቦታው ከ44 ሄክታር በላይ ነው። መንገዱ ጎድጓዳ ነው፣ ይንጥሃል። ጉድጓዱ የተፈጠረው በጎማ ብዛት አይደለም፣ አፈር በሚመስል ኮንክሪት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ግራር የሚመስሉት ብዙዎቹ ዛፎች ግራር አይደሉም። የፍሎሪዳ የኦክ ዛፍ ናቸው፣ አናታቸው ጠፍጣፋ እንዲሆን ተከርክመው። ባኦባቦቹም የተሠሩ ናቸው። በአንተና በአንበሳው መካከል ያለው መከላከያ ጉድጓድ ውስጥና ከዕፅዋት ኋላ ስለተደበቀ አይታይህም። እንስሳቱ ግን እውነተኛ ናቸው፣ ይሄ ደግሞ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። ቀጭኔ መንገድ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለን። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍታ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። በዲዛይነር እጅ ያልሆነች ደቂቃ ነበረች፣ እኔም የምሥራቅ አፍሪካ ጠረን የሸተተኝ ያን ጊዜ ነው።

ግን ያልተዋጠልኝም ነገር አለ፣ መናገር አለብኝ። ላሙ ውስጥ ጎዳናው ጠባብ ነው። ሁለት አህያ ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ ጥግ ይይዛል። ግድግዳና ግድግዳው ተቀራርቦ ጥላ ይሠራልሃል፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የምትተላለፈው፣ ሳትወድ በግድ ሰላም ትላለህ። የስዋሂሊ ከተማ ማለት ለእኔ ይሄ ጥበት ነው። ሃራምቤ ሰፊ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰውና የሕፃናት ጋሪ ማሳለፍ አለበትና ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ሰፊ በመሆኑ ማንንም ሳትነካ ታልፋለህ። ሌላም ነገር አሳሰበኝ፦ የተላጠ ግድግዳና ዝገት ብቻውን አፍሪካ ተብሎ ሲታይ ትክክል አይደለም። ላሙ ውስጥ የተላጠ ግድግዳ አለ፣ ከጎኑ ግን በየጊዜው ዘይት የሚቀባ፣ የሚወለወል፣ የተቀረጸ የእንጨት በር አለ። ሰው ቤቱን ይወዳል። እርጅናውን ብቻ ሳይሆን እንክብካቤውንም ማሳየት ነበረባቸው።

ማምሻውን አንዲት ሠራተኛ አገኘሁ። እዚህ የሠራተኞች ስም መለያ ላይ የመጡበትም ይጻፋል፣ የእሷ ኬንያ ይላል። በስዋሂሊ «ሃባሪ» ብዬ ሰላም አልኳት። ፊቷ በራ፣ «ንዙሪ ሳና» አለችኝ። ይሄ መንደር አገርሽን ይመስላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «አንዳንድ ቀን» አለች። ሰው ጠራትና ሄደች።

ቀን 4

ልጁ ድካም ያዘው፣ ሆቴል ዋልን። እሱ ተኛ፣ እህቴ ፎቶ ስትመርጥ እኔም አብሬ አየሁ። ከ200 በላይ ፎቶ አንስተናል። የኤፕኮቶቹ ላይ ሁላችንም ካሜራ እያየን ቆመናል። የሃራምቤዎቹ ላይ ግማሹ የእግራችን ፎቶ ነው።

«አንዳንድ ቀን» ያለችው ምን ማለቷ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ቀን 5፦ ዝናብ

የመጨረሻው ቀን፣ ተመልሰን አኒማል ኪንግደም። መጀመሪያ እስያ ወደሚባለው ክፍል ሄድን። አናንዳፑር የሚባል ሌላ የምናብ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እዚያ ሰው ሠራሽ ተራራ አለ። ተራራው ውስጥ ሮለር ኮስተር፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወር የጨዋታ ባቡር፣ ይሄዳል። 199.5 ጫማ ነው፣ ወደ 61 ሜትር። ለምን 200 አልሞላም ትላላችሁ? 200 ጫማ ከሞላ አናቱ ላይ ለአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ የሚሆን መብራት ሊያስፈልገው ይችላል። አናቱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ደግሞ ተራራ መሆኑ ይቀራል።

ስሙ ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት ቢሆንም ዋናው ጫፍ ኤቨረስት አይደለም። ኤቨረስት ከጎን ከሩቅ የምትታየው ትንሿ ነጭ ጫፍ ናት። ይሄን በጣም ወደድኩት። የዓለምን ትልቁን ተራራ አሳንሰው ከኋላ ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። ግን ሲያንስ ይርቃል፣ ሲርቅ አገሩ ይሰፋል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ከጉዞ ቢሮ ወደ ቤተ መቅደስ፣ ከቤተ መቅደስ ወደ ትንሽ ሙዚየም እያሳለፈ ነው የሚወስድህ። ሰልፍ መሆኑን ረሳሁት። ኮስተሩ ራሱ ልጁን በጣም ደስ አሰኘው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጨረስኩት።

ከሰዓት በኋላ ሃራምቤ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። የፍሎሪዳ ክረምት እንዲህ ነው፣ ከሰዓት ነጎድጓድ አይጠፋም። ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች በመብረቅ ምክንያት ቆሙ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ ያውም ዶፍ።

ሰው ሁሉ ሮጠ። ሰፊው ጎዳና ባዶ ሆነና ሁላችንም በየቤቱ ጥግ ጣሪያ ስር ታጨቅን። በአንድ በኩል የማላውቃቸው አሮጊት ትከሻዬን ተደግፈዋል፣ በሌላ በኩል የማላውቀው ሰው ልጅ እግሬ ላይ ቆሟል። ሰዎች ይቅርታ እየተባባሉ፣ እየሳቁ፣ ቦታ እየለቀቁ ይጠጋጋሉ። አንዱ ለማያውቀው ሰው ሕፃን ያዘለት። ጀርባዬ የተላጠው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያ ጥበት፣ ላሙ ውስጥ የማውቀው፣ በዲዛይን ያልመጣው ጥበት መጣ። ከላያችን ያለው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ እሱ ላይ ሲወርድ መነጋገር አልተቻለም።

የኬንያዋ ልጅ ከእኛ ሁለት ሰው አለፍ ብላ ቆማለች። አየችኝ። ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረችና በከንፈሯ ብቻ «ማባቲ» አለችኝ። ቆርቆሮ ማለት ነው በስዋሂሊ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ማዳመጥ ቀጠለች። እኔም ጨፈንኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲያባራ ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው ወጡ፣ ሰውም ቀስ እያለ ወደ ጎዳናው ተበተነ። ልጁ ቀድሞን ሮጠ። ወዴት እንደሆነ አውቄያለሁ። ስንደርስበት ቁጢጥ ብሎ የብስክሌቱን መስመር እያየ ነበር። የጎማው ጥርስ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ያበራል፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ እውነተኛ ጭቃም ገብቶበታል።

«ጋሼ» አለኝ ቀና ሳይል፣ «አሁን ነው እኮ ያለፈው።»